«ጡቴ ላይ ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር አለ፤ ግን የትኛው ሐኪም ያየኛል?»

ጥያቄ፦ «ትራንስ ሴት ነኝ፤ ስወለድ ወንድ ተብዬ ነበር የተመዘገብኩት። ዕድሜዬ 46 ነው። ሆርሞን መውሰድ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን)፣ እንዲሁም ቴስቶስትሮንን (የወንድ ሆርሞን) የሚያግድ ክኒን እጠቀማለሁ። የጡት ቀዶ ሕክምና አላደረግኩም። አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ የጡት ካንሰር ነበረባት። ጓደኞቼ ያንቺ ዓይነት ጡት ካንሰር አይዘውም ይሉኛል። አንድ ሐኪም ደግሞ ሆርሞኑን ካላቆምሽ ካንሰር አይቀርልሽም አለኝ። ማሞግራም (የጡት ራጅ) መነሳት አለብኝ? ከስንት ዓመቴ? ባለፈው አንድ ክሊኒክ ሄጄ በሰው ፊት በድሮ ስሜ እየጠሩ አሳቀቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ሳያሸማቅቀኝ የሚያየኝ ሐኪም እንዴት ላግኝ? ለነገሩ በግራ ጡቴ ጫፍ አጠገብ ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ግን አያመኝም።»

ምላሽ፦ «ለነገሩ» ብለሽ መጨረሻ ላይ የጣልሻት ነገር ከሌላው ጥያቄሽ ሁሉ ትቀድማለች። አዲስ የወጣ፣ በአንድ ጡት ብቻ ያለ፣ ጠጠር ያለና ሁለት ወር ሙሉ ያልጠፋ እብጠት መታየት አለበት። ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያዢ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሐኪም በእጁ ዳስሶት፣ በምስልም ታይቶ መሆን አለበት። ማሞግራም ከስንት ዓመት ይጀመራል የሚለው ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች እዚህ ላይ ተምታተዋል። የሚምታቱት ባንቺ ብቻ አይደለም፤ ቀጠሮ የሚሰጡ ሠራተኞችም ያምታቷቸዋል። አንደኛው ቅድመ ምርመራ ነው። ምንም ምልክት የሌላት ሴት፣ ምናልባት የተደበቀ ነገር ካለ ብላ በየተወሰነ ጊዜ የምታደርገው ነው። የዕድሜ ገደብ፣ የሆርሞን ዓመት፣ በየስንት ጊዜው የሚባለው ክርክር ሁሉ የሚመለከተው ይህንን ነው። ሁለተኛው ምልክት ያላት ሴት የምታደርገው ምርመራ ነው። እዚህ ላይ የዕድሜ ገደብ የለም። ሆርሞን የጀመርሽው ትናንት ይሁን ከ20 ዓመት በፊት ለውጥ የለውም። እብጠት ካለ ይመረመራል፤ አለቀ። ስለዚህ ስልክ ስትደውዪ «ማሞግራም መነሳት ፈልጌ ነበር» አትበይ። «ጡቴ ላይ ሁለት ወር የሆነው አዲስ እብጠት አለ» በይ። ወረፋው የሚለያየው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

አያመኝም ማለትሽ ያረጋጋሽ ይመስላል። አያረጋጋሽ። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም። እንዲያውም የሚያም እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚገኘው። በሌላ በኩል ደግሞ አሁኑኑ አትደንግጪ፤ ጡት ላይ የሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል። ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ጉዳት የሌለው እጢም ሊሆን ይችላል። ሆርሞን በጀመርሽባቸው ወራት ከጡትሽ ጫፍ ሥር ሳንቲም የሚያህል የሚያም ነገር ወጥቶ እንደነበር ታስታውሺ ይሆናል። ያ የጡት ማቆጥቆጥ ነው፤ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በሁለቱም በኩል ይወጣል። ግን ጡት በሆርሞን የሚያድገው በዋናነት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። በዘጠነኛው ዓመት በአንድ በኩል ብቻ አዲስ ነገር ሲወጣ «እያደገ ነው» ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም።

ምርመራው ሦስት ደረጃ አለው። ሐኪሙ ሁለቱንም ጡትና ብብትሽን በእጁ ይዳስሳል። ከዚያ ማሞግራምና አልትራሳውንድ ይከተላል። አጠራጣሪ ነገር ከታየ በመርፌ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። «መርፌ ካንሰሩን ያሰራጨዋል» የሚለውን ወሬ ሰምተሽ ከሆነ እሱ እውነት አይደለም፤ በእሱ ፈርተሽ ናሙና አትከልክዪ። አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ። ማሞግራሙ «ምንም የለም» ቢል እንኳ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ካለ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ጥቅጥቅ ባለ ጡት ውስጥ ማሞግራም የሚያመልጠው ነገር አለ። በኢስትሮጅን ያደገ ጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጣትሽን እብጠቱ ላይ አስቀምጠሽ «እዚህች ጋ በአልትራሳውንድ ይታይልኝ» በይ።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ አባባል። «ያንቺ ዓይነት ጡት» የሚባል የተለየ ጡት የለም። ኢስትሮጅን በሰውነትሽ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በማንኛዋም ሴት ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ነው። የወተት ቱቦዎቹ ይረዝማሉ፣ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ወተት የሚያመነጩት እጢዎች ይበቅላሉ። ካንሰር የሚነሳው ከእነዚሁ ነው። ሆርሞን ወስደው በማያውቁ ወንዶች ላይ እንኳ የጡት ካንሰር ይገኛል፤ ከጡት ካንሰር ሕሙማን ከመቶ አንድ ያህሉ ወንዶች ናቸው። በትራንስ ሴቶች ላይ የታየውም ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ታማሚዎች ተመዝግበዋል።

ትልቁ መረጃ የመጣው ከኔዘርላንድስ ነው። አምስተርዳም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2016 የተከታተሉ 2,260 ትራንስ ሴቶች መዝገብ ተጠንቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከእነሱ ውስጥ 15 ሴቶች ላይ ወደ አካባቢው ሥጋ የዘለቀ የጡት ካንሰር ተገኝቷል። ይህ ከወንዶች ጋር ሲነጻጸር 46 እጥፍ ያህል ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ በወሬ የሚዞረውም እሱ ነው። ግን የወንዶች ቁጥር ከመነሻው እጅግ ትንሽ መሆኑን አትርሺ። ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲነጻጸር ደግሞ አደጋው አንድ ሦስተኛ ገደማ ሆኖ ነው የተገኘው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ የነገረሽ ሰው ግማሹን ነው የነገረሽ።

ከዚያ ጥናት እኔ ከሁሉም በላይ የምይዘው ግን ጊዜውን ነው። ካንሰሩ የተገኘው ሆርሞን ከተጀመረ በአማካይ 18 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የተገኘው በሰባተኛው ዓመት ነው። አንቺ ዘጠነኛው ላይ ነሽ። ስለዚህ «ገና ነው» የሚል መልስ ለአንቺ አይሠራም። በአብዛኞቹ ላይ የተገኘው ካንሰር ኢስትሮጅንን የሚቀበል ዓይነት ነበር። ይህ ለሕክምናው ጥሩ ዜና ነው፤ በሆርሞን ማገጃ መድኃኒት ሊታከም ይችላልና። ጥናቱ ወሰንም አለው። ከተጠኑት ብዙዎቹ ገና ወጣት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 70 እና 80 እስኪሆን ድረስ የታዩት ጥቂት ናቸው።

ሆርሞኑን ካላቆምሽ ካንሰር አይቀርልሽም ያለሽ ሐኪም ተሳስቷል። ከ2,260 ሴቶች 15ቱ ማለት «አይቀርልሽም» ማለት አይደለም። በድንጋጤ ተነስተሽ ፕላስተሩን አትጣዪ። በድንገት ማቆም በስሜትም በአካልም ዋጋ ያስከፍላል። በተለይ የዘር ፍሬዋ የወጣላት ሴት ያለ ምንም ሆርሞን ለረጅም ጊዜ ብትቆይ አጥንቷ ይሳሳል። ሆርሞን የማቆም ጉዳይ በቁም ነገር የሚነሳው ካንሰር ከተረጋገጠና ኢስትሮጅንን የሚቀበል ከሆነ ነው። ያኔ ውሳኔው ከካንሰር ሐኪምሽና ሆርሞኑን ከሚያዝልሽ ሐኪም ጋር አብራችሁ ተቀምጣችሁ የምትወስኑት ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ጡቴ ይበልጥ ይደግልኝ ብሎ መጠን መጨመር ጡትን አያሳድግም፤ የደም መርጋት አደጋን ግን ይጨምራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛሽው መድኃኒት ካለም ደብቀሽ አትያዢው። ለሚመረምርሽ ሰው ስሙንና መጠኑን ንገሪው። የሚጠቅመው እውነቱ ነው።

ምልክት ለሌላት ትራንስ ሴት ማሞግራም ከስንት ዓመት ይጀምር? መመሪያዎቹ አንድ ቃል አይናገሩም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንፍራንሲስኮ ሐኪሞች መመሪያ ከ50 ዓመት ጀምሮ፣ ሆርሞን ከተወሰደ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ካለፈ በየሁለት ዓመቱ ይላል። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደግሞ 40 ዓመት ለሞላትና ሆርሞን 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ለወሰደች ሴት ማሞግራም ተገቢ ሊሆን ይችላል ይላል። ዓለም አቀፉ የትራንስጀንደር ጤና ባለሙያዎች ማኅበር (ደብሊውፓዝ) እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ስምንተኛ እትም ኢስትሮጅን የወሰደች ሴት በምትኖርበት ቦታ ለሌሎች ሴቶች የወጣውን መመሪያ ትከተል፣ የሆርሞኑ ዓመትና የጀመረችበት ዕድሜም ይታሰብ ይላል። ለሌሎች ሴቶች የወጣው ራሱ ይለያያል። በብሪታንያ ከ50 እስከ 71 ዓመት በየሦስት ዓመቱ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ከ40 እስከ 74 በየሁለት ዓመቱ ሆኗል።

ለምን ሁሉም በ30 ዓመቱ አይጀምርም? ምርመራም ዋጋ ስላለው ነው። ካንሰር ሳይኖር «አጠራጣሪ ነገር አለ፣ ተመለሺ» የሚባሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ማሞግራም ከሚነሱ 100 ሴቶች 10 ያህሉ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራሉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ምንም የለባቸውም። መሀል ላይ ግን እንቅልፍ ማጣት አለ፣ መርፌ አለ፣ ወጪ አለ። የጨረሩ ጉዳይ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። አንድ ማሞግራም ከተፈጥሮ አካባቢያችን በሁለት ወር ገደማ ውስጥ የምናገኘውን ያህል ጨረር ነው የሚሰጠው።

ለአንቺ የኔ ምክር ይህ ነው። ለእብጠቱ የምትነሺው ማሞግራም ለወደፊቱ እንደ መነሻ ምስል ያገለግልሻል። እብጠቱ ምንም ሳይሆን ከተገኘ፣ የቤተሰብ ታሪክሽም ከባድ ካልሆነ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ቀጥዪ። 50 እስኪሞላ ልጠብቅ ብትዪ አልቃወምሽም። ከ50 ማሳለፍ ግን የለብሽም።

የቤተሰብ ታሪክ ላይ ቆም እንበል። አንዲት አክስት ብቻ፣ ያውም ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ታማ ከሆነ፣ አደጋሽን ብዙ አይለውጠውም። ከ50 ዓመቷ በፊት ታማ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በቤተሰቡ የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል) ካንሰር ካለ፣ የጡት ካንሰር የያዘው ወንድ ካለ፣ ወይም ሁለት ሦስት ሰው በጡት ካንሰር ታሞ ከሆነም እንዲሁ። በአባትሽ በኩልም ጠይቂ፤ በዘር የሚወረሰው አደጋ በአባት በኩልም ይወርዳል። ቢአርሲኤ 1 እና 2 የሚባሉ ጂኖች ላይ የተበላሸ ነገር የወረሰች ሴት በዕድሜ ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 45 እስከ 70 ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛውን የወረሰ ወንድ ከመቶ 7 ያህል ነው። ይህ ጂን ኖሮባት ኢስትሮጅን የምትወስድ ሴት ቶሎ፣ በየዓመቱና በኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የሰውነት ውስጥ ምስል) ጭምር መከታተል ያስፈልጋታል። ክላይንፌልተር የሚባለው፣ አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞሶም ይዞ የመወለድ ሁኔታም አደጋውን ይጨምራል።

ከቤተሰብሽ ጋር ተቆራርጠሽ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ብዙዎች በዚህ ምክንያት የቤተሰብ ታሪክ የሚለውን መስመር ባዶ ይተዉታል። ሁሉንም ማናገር አይጠበቅብሽም። አንዲት የምታናግርሽ የአክስት ልጅ ትበቃለች። ጥያቄውም አንድ ነው፤ እትዬ ስንት ዓመቷ ላይ ነው የታመመችው?

ምርመራው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ፤ ፍርሃት የሚበዛው ካለማወቅ ነውና። ከወገብ በላይ ብቻ ነው የምታወልቂው። ከዚያ በታች የሚታይ፣ የሚጠየቅም ነገር የለም። የዚያን ዕለት ዲኦዶራንትና ፓውደር አትቀቢ፤ ምስሉ ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ እየወጣ ያሳስታል። ባለሙያዋ ጡትሽን በሁለት ዝርግ ሰሌዳዎች መሀል ታስቀምጥና ትጫነዋለች። ያስጨንቃል፣ አንዳንዴም ያማል፤ ግን ሰከንዶች ነው። ለእያንዳንዱ ጡት ሁለት ምስል ይነሳል፤ አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው በሰያፍ ብብትን ጨምሮ። «ጡቴ ትንሽ ነው፣ አይያዝም» ብለሽ እንዳትቀሪ። ወንዶችም በዚሁ ማሽን ይነሳሉ።

አንቺ ቀዶ ሕክምና አላደረግሽም። ይህን የሚያነቡ ያደረጉ ግን ይኖራሉ። በከረጢት ያለ ሲሊኮን ወይም ጨው ውሃ የገባላት ሴት ማሞግራም መነሳት ትችላለች። ቀጠሮ ስትይዝ አስቀድማ ትናገር፤ ከረጢቱን ወደ ኋላ ገፍተው የጡቱን ሥጋ ብቻ የሚያነሱበት ተጨማሪ አነሳስ አለ። ሻካራ ሽፋን ካላቸው ከረጢቶች ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ የማያጋጥም የሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ዓይነትም አለ። አለርጋን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዳንድ ምርቶቹን ከዓለም ገበያ የሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ከዓመታት በኋላ አንደኛው ጡት በድንገት በፈሳሽ ካበጠ አትቆይ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ በመርፌ በቀጥታ የተወጋ ሲሊኮን ነው። ሐኪም ያልሆነ ሰው ቤት ውስጥ የሚወጋው ማለቴ ነው። ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድል ይችላል። ጡት ውስጥ ተበትኖ ሲቀርም ጠጣር እብጠቶች ይሠራል። ማሞግራምና አልትራሳውንድ በዚያ ውስጥ ካንሰርን ለይተው ማየት ይከብዳቸዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር የተወጋች ሴት ሳታፍር ትናገር፤ ኤምአርአይ ሊያስፈልጋት ይችላል።

ራስሽን በየወሩ በቀን ቀጠሮ መዳሰስ ግዴታ አይደለም። ሻንጋይ ውስጥ ከ260,000 በላይ ሴቶች የተካተቱበት ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት፣ በሥርዓት ራሳቸውን እንዲዳስሱ የተማሩት ሴቶች በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ካልተማሩት አልቀነሰም። የሚጠቅመው ጡትሽን ማወቅ ነው። ስትታጠቢ፣ ስትለብሺ ዓይንሽም እጅሽም ይልመደው። አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከአንድ ጡት ብቻ ሳይጫኑት የሚወጣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ በብብት ሥር የወጣ እብጠት ካየሽ ሂጂ። ከሁለቱም ጡት ወተት የሚመስል ነገር ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ጉዳይ ነው፤ ሆርሞኑን ለሚያዝልሽ ሐኪም ንገሪውና ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን በደም ምርመራ ይየው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በሰው ፊት አሳቀቁኝ ያልሽው ከልቤ አሳዝኖኛል። የደረሰብሽ በደል ነው። የሕክምና ሥነ ምግባርም የሚከለክለው ነው። ያጋጠመሽ አንቺን ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ 27,715 ትራንስጀንደር ሰዎች በተጠየቁበት ዳሰሳ፣ በዓመቱ ሐኪም ዘንድ ከሄዱት ከመቶ 33ቱ ትራንስጀንደር በመሆናቸው ቢያንስ አንድ መጥፎ ነገር ገጥሟቸዋል። ከመቶ 23ቱ ደግሞ መታከም እያስፈለጋቸው እንግልቱን ፈርተው ቀርተዋል። ካንሰርን ለዘገየ ደረጃ የሚዳርገው ይህ መቅረት ነው። ጥፋቱ የቀሩት ሰዎች አይደለም፤ ያስቀሯቸው ሰዎች ነው።

ግን አንድ ነገር ለይተሽ እይልኝ። አሁን የምትፈልጊው ሰው ሁለት ነው። አንደኛው ዘላቂ ሐኪምሽ ነው፤ ሆርሞንሽን፣ ጡትሽን፣ ፕሮስቴትሽን፣ ደም ግፊትሽን ለዓመታት የሚከታተል፣ ሕይወትሽን የሚያውቅ። እሱን ማግኘት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ሁለተኛው ይህን እብጠት የሚያይልሽ ሰው ነው። እሱ የትራንስ ጤና ሊቅ መሆን የለበትም። ጡት መመርመር የሚችልና ሰው የሚያከብር ከሆነ ይበቃል። ፍጹም የሆነውን ሐኪም ስትፈልጊ እብጠቱ መጠበቅ የለበትም።

የት ትፈልጊ? መጀመሪያ ሆርሞኑን የሚያዝልሽን ሰው ጠይቂ፤ የጡት ክፍል ውስጥ የሚያውቀው ሰው ይኖረዋል። የላኪ ወረቀት ላይ «ለ9 ዓመት ኢስትሮጅን የወሰደች ሴት፣ አዲስ የግራ ጡት እብጠት» ብሎ ቢጽፍልሽ በር ላይ ራስሽን ከማስረዳት ትድኛለሽ። ቀጥሎ ሌሎች ትራንስ ሴቶችን ጠይቂ። «ጥሩ ሐኪም ማን ነው?» ብቻ ሳይሆን «እንግዳ መቀበያው ላይ እንዴት ናቸው? ስም እንዴት ነው የሚጠሩት?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚሸማቀቀው ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ ነው። ደብሊውፓዝ አባል ሐኪሞች የሚፈለጉበት ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ አለው። የኤችአይቪና የሥነ ተዋልዶ ጤና ክሊኒኮችም ሚስጥር መጠበቅ የለመዱ ባለሙያዎች ስላሏቸው ብዙ ጊዜ ከትልልቅ ሆስፒታሎች የተሻለ አቀባበል አላቸው።

ከመሄድሽ በፊት ደውዪ፤ አንቺ ከከበደሽ ጓደኛሽ ትደውልልሽ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ሆርሞን የምትወስድ ትራንስ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መታወቂያዬ ላይ ያለው ስም ከምጠራበት ይለያል፣ በወረፋ ስትጠሩኝ በአባት ስም ወይም በቁጥር ልትጠሩኝ ትችላላችሁ? ስመረመር ጓደኛዬ አብራኝ መግባት ትችላለች? ለመጀመሪያው «አይተን አናውቅም» ቢሉሽ አትዝጊው። «አናውቅም፣ ግን ነይ፣ ሐኪሙን እንጠይቃለን» የሚል ሰው ጥሩ ሰው ነው። ስልኩ ላይ ከሳቁ ወይም አንቺን አስይዘው ለሌላ ሰው ማውራት ከጀመሩ ግን ዝጊና ቀጣዩ ጋ ደውዪ።

ጥሩ ሐኪምን በምን ታውቂዋለሽ? በምን ስም ልጥራሽ ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቅሽ ነገር ለምን እንደሚያስፈልገው ይነግርሻል። የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ያነባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጡትሽን ይመረምራል። እብጠት ይዘሽ ሄደሽ ስለ አኗኗርሽ ምክር ሰጥቶ ሳይዳስስሽ የሚሸኝሽ ሐኪም ሥራውን አልሠራም። ሁሉንም ነገር በሆርሞኑ የሚያመካኝም እንዲሁ። ለጡት እብጠት ከወገብ በታች መመርመር አያስፈልግም፤ ልይሽ የሚል ካለ «ለዚህ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱ ካላሳመነሽ እምቢ በይ።

አንድ ገጽ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ሆርሞን የጀመርሽበት ዓመት፣ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ ያደረግሽው ቀዶ ሕክምና ካለ፣ የአክስትሽ ታሪክ፣ እብጠቱ መቼ እንደወጣና እንዳደገ ወይም እንዳላደገ። ሲጨንቅሽ አንደበትሽ ቢያያዝ ወረቀቱ ይናገርልሻል።

በአንዳንድ አገሮች ማንነትን መግለጽ በሕግም በሰውም አደጋ አለው። እዚያ ላለች ሴት የምለው ይህ ነው። ሁሉንም ለሁሉም መንገር የለብሽም። እንግዳ መቀበያ ላይ «የጡት እብጠት» ማለት በቂ ነው። ወረቀትሽ ላይ ወንድ የሚል ቢሆን እንኳ፣ በወንድ ጡት ላይ የወጣ እብጠትም በዚሁ መንገድ ነው የሚመረመረው፤ ማንም ሊመልስሽ አይገባም። ለሚመረምርሽ ሐኪም ግን ለብቻችሁ ስትሆኑ ኢስትሮጅን እንደምትወስጂና ስንት ዓመት እንደሆነ ንገሪው። ምስሉንም ናሙናውንም በትክክል ለማንበብ ያስፈልገዋል። ለምን እንደምትወስጂ የመናገር ግዴታ የለብሽም። ጤናሽን የሚመለከት መልእክት ከሌላ ሰው ጋር በምትጋሪው ስልክ ላይ አታስቀምጪ።

የወረቀት ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሰው ይጎዳል። ምስሎችሽ በሁለት ስም በሁለት መዝገብ ከተቀመጡ፣ የሚያነባቸው ሐኪም የድሮውን ከአዲሱ ጋር ማነጻጸር አይችልም። በጡት ምስል ደግሞ ትልቁ ነገር ማነጻጸሩ ነው። ስምሽን ከቀየርሽ መዝገቦቹ እንዲገናኙ ጠይቂ። የውጤቱን ወረቀትና የምስሉን ሲዲ ሁልጊዜ ቅጂ ወስደሽ ቤትሽ አስቀምጪ። መድን ካለሽ ደግሞ «ወንድ» በሚል መዝገብ ላይ የማሞግራም ክፍያ በኮምፒውተር ውድቅ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ እንዲልክላቸው አድርጊ፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

በዕድሜ ለቅድመ ምርመራ የሚጠሩ አገሮችም ጥሪውን የሚልኩት መዝገብ ላይ ባለው ጾታ ነው። በብሪታንያ ለምሳሌ በወንድነት የተመዘገበች ትራንስ ሴት የጥሪ ደብዳቤ አይደርሳትም፤ ራሷ ሐኪሟን መጠየቅ አለባት። ስለዚህ ማንም ያስታውሰኛል ብለሽ አትጠብቂ። የእብጠቱ ጉዳይ እልባት ሲያገኝ፣ ከክሊኒኩ ሳትወጪ ቀጣዩን ቀጠሮ አስመዝግቢ፤ ቀኑን በስልክሽም በወረቀትም ጻፊው።